ነቀርሳ አይጋባም፤ ቫይረሱ ግን ይጋባል

የአጎቴ የአርባው ዕለት ነው። መሐል ሜዳ፣ መንዝ። ድንኳን ውስጥ ጠላ ይቀዳል፣ ሴቶቹ ጓዳ ወጥ ይጨልፋሉ። አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አንቺ የተማርሽው ይሄንኑ አይደል? እስቲ ንገሪኝ። ነቀርሳ ይጋባል እንዴ?»

አጎቴ የሞተው በጉበት ካንሰር ነው። 52 ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አይሱዙ የነዳ ሰው ነው። ከመንዝ በግ፣ ከሞረትና ጅሩ ጤፍና ስንዴ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት አክስቴ ብርጭቆውን ለይታበት ነበር። ሳህኑንም፣ ፎጣውንም። ጎረቤት ነው የመከራት። ከ25 ዓመት ትዳር በኋላ ከአንድ መሶብ መብላት ተውን አለችኝ። አሁን ሁለት ነገር ያንገበግባታል። አንደኛው፣ ልጆቼን ይዟቸው ይሆን የሚል ፍርሃት። ሌላው፣ በከንቱ አግልዬው ይሆን የሚል ጸጸት።

እኔ ደብረ ብርሃን ለጤና ተማሪዎች ስለ ቫይረስ አስተምራለሁ። ያን ዕለት ጓሮ ቆሜ ግን የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኋትም። «አይጋባም» ብዬ እንባዋን ጠረግሁላት። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሙሉውን እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ለእሷ፣ ለልጆቿ፣ ብርጭቆ ለሚለዩ ጎረቤቶቿም።

ከቃሉ ልጀምር፤ ምክንያቱም ግማሹን ግራ መጋባት ያመጣው ቃሉ ራሱ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ቲቢን ነው። ቲቢ በሳልና በትንፋሽ ይጋባል። «የጉበት ነቀርሳ»፣ «የማህፀን ነቀርሳ» ስንል ግን ካንሰር ማለታችን ነው። ሁለት ጨርሶ የማይገናኙ በሽታዎች አንድ ስም ይዘዋል። ሰው የቲቢውን ፍርሃት ወስዶ ካንሰሩ ላይ ቢያደርገው አይፈረድበትም። እኔ ክፍል ውስጥ «ካንሰር» እያልኩ የማስተምረው ለዚህ ነው።

ካንሰር የሰውየው የራሱ ሕዋስ ነው። መከፋፈሉን ማቆም ያቃተው፣ ሥርዓት የጣሰ የገዛ ሥጋው። በብርጭቆም፣ በመተቃቀፍም፣ በእንክብካቤም ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። አክስቴ ብርጭቆውን መለየት አልነበረባትም።

ሌላው ግማሽ ደግሞ እንዲህ ነው። አንዳንድ ካንሰሮች የሚጀምሩት ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ሰውነት ከገባ ቫይረስ ነው። ካንሰሩ አይጋባም፤ ቫይረሱ ግን ይጋባል። በዓለም ላይ በዓመት ከሚገኙት 100 አዳዲስ ካንሰሮች 13 ያህሉ መነሻቸው ተላላፊ ተሕዋስ ነው። አብዛኛው ቫይረስ ሲሆን፣ የጨጓራ ባክቴሪያም አለበት። በአፍሪካ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል።

ጉንፋን እንደ መንገደኛ ነው። ይመጣል፣ ያስቸግራል፣ በሳምንት ውስጥ ይሄዳል። እነዚህ ግን ጎጆ ቀልሰው የሚቀመጡ ናቸው። ድምፅ አያሰሙም። አንዳንዱ 20 ዓመት፣ አንዳንዱ 40 ዓመት ይቀመጣል። ስለ እነሱ ከምናውቀው ሁሉ ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል። ጊዜው ረጅም ነው። ጊዜው መርዘሙ ያታልለናል፣ ምክንያቱም መነሻውን እንረሳለን። ያው ጊዜ ደግሞ ሰው ለማዳን የተሰጠን ሰፊ ዕድል ነው።

አያቴ የአጎቴን ዓይን ቢጫ መሆን እንዳዩ «ወፍ መታው» አሉ። በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው። የሌሊት ወፍ ሸንታበት ወይም በላዩ አልፋ ነው ይባላል። ቢጫነቱ ግን የሚመጣው ጉበት ማጣራት ያለበትን ቢጫ ቀለም ማጣራት ሲያቅተው ነው። ጉበትን ከሚያደክሙት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ነው። የአጎቴም እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ተማሪዎቼም መጀመሪያ ሲሰሙ የሚደነግጡበት ነገር አለ። ጎልማሳ ሰው በዚህ ቫይረስ ሲያዝ ሰውነቱ ይዋጋል። ዓይኑ ቢጫ ሊሆን ይችላል፣ ሊያቅለሸልሸው፣ ሊደክመው ይችላል። ከ100 ጎልማሶች 95ቱ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ቫይረሱን አጥፍተው ይድናሉ። ገና የተወለደ ሕፃን ሲያዝ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው። ሕፃኑ ምንም አይሆንም። አያለቅስም፣ አይቢጭም፣ ጡት ይጠባል፣ ያድጋል። የሰውነቱ ዘብ ቫይረሱን እንደ ቤተሰብ ይቆጥረዋል፣ አይነካውም። ከእነዚህ ሕፃናት ከ10 ዘጠኙ ያህል ቫይረሱን ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚህ በአብዛኛው የታመመው ይድናል፤ ያልታመመው ነው ይዞት የሚያረጀው።

የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂዎች ለምን ዝና እንዳገኙም ይህ ያስረዳል። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሚሄድላቸው ጎልማሳ አብዛኛው በራሱ የሚድን ነው። ቅጠሉን ጠጥቶ ሲድን ቅጠሉ ያዳነው ይመስለዋል። ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ግን አንዳንዱ ቅጠል የታመመ ጉበትን የባሰ ይጎዳል። ቢጫው ለቀቀ ማለትም ቫይረሱ ወጣ ማለት አይደለም። ያንን የሚያሳየው የደም ምርመራ ብቻ ነው።

መተላለፊያውስ? ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ። በግብረ ሥጋ ግንኙነት። በደምም። ቫይረሱ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። እስቲ የእኛን አገር ምላጭ አስቡት። እንጥል የተቆረጠበት፣ ግርዛት የተደረገበት፣ ዋግምት የተደረገበት ምላጭ። ለአንገት ንቅሳት የዋለ መርፌ። አባትና ልጅ እየተቀባበሉ የሚላጩበት ምላጭ። መንገዱ እነዚህ ናቸው። ጉርሻ ግን አያስተላልፍም። አንድ መሶብም፣ አንድ ብርጭቆም፣ መሳሳምም።

አጎቴ ከመሞቱ ከአሥር ዓመት በፊት ለወላድ ዘመድ ደም ሰጥቶ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ተጠራ። «ደምህ ውስጥ የጉበት ቫይረስ አለ። ከእንግዲህ ደም አትስጥ» ተባለ። ያ ብቻ። ቀጠሮ አልተሰጠውም፣ ሚስትህና ልጆችህ ይመርመሩ ያለው አልነበረም። እሱም ደህና ነኝ ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። በእርግጥም ደህና ነበር፤ ክብደት ያነሳል፣ ሌሊት ይነዳል። ማን እንደነገረው አልጽፍም። ግን ያ አሥር ዓመት ሁልጊዜ ይከነክነኛል። መድኃኒት ነበረ። ቴኖፎቪር የሚባለው፣ ለኤችአይቪም የሚሰጠው ኪኒን፣ ቫይረሱን አስተኝቶ የካንሰሩን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህ ቫይረስ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው በትዕግሥት ነው። ባሩክ ብሉምበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ የተለያዩ ሕዝቦችን ደም ሲያወዳድሩ፣ ከአንድ አውስትራሊያዊ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ፕሮቲን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1965 ይፋ አደረጉት። ኋላ ላይ የሄፓታይተስ ቢ ቅርፊት መሆኑ ታወቀ። በ1976 የኖቤል ሽልማት አገኙ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በስተቀር አቆጣጠሩ የአውሮፓውያኑ ነው።)

ቫይረሱ መታወቁ ግን ካንሰሩን ያመጣው እሱ ነው ለማለት አይበቃም። ፓልመር ቢስሊ የተባሉ ሐኪም ታይዋን ውስጥ 22,707 ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ደም መርምረው መዘገቡ። 3,454ቱ ቫይረሱ አለባቸው፣ የቀሩት የለባቸውም። ከዚያ ዓመታት ጠበቁ። በ1981 ውጤቱን ሲያወጡ 41 ሰዎች በጉበት ካንሰር ሞተው ነበር። 40ዎቹ ቫይረሱ ያለባቸው ናቸው። ከቀሩት 19 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ግን እንዴት? ቫይረስ እንዴት ካንሰር ይሆናል?

ለጉበቱ የምጠቀምበት ምሳሌ የቁም ጸሐፊ ነው። ብራና ፍቆ ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ። ሕዋስ ሲከፋፈል ውስጡ ያለውን መጽሐፍ፣ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለውን፣ እንደገና ይገለብጣል። ጎበዝ ጸሐፊ ነው፤ ግድፈቱንም ያርማል። ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ከገለበጠ ግድፈት ማለፉ አይቀርም። ጤነኛ ጉበት ዝግ ብሎ ነው የሚገለብጠው። ቫይረሱ ሲገባ የሰውነት ዘብ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላል፣ ጉበት ደግሞ የሞቱትን ለመተካት ይገለብጣል። ዛሬም፣ ነገም፣ ለ30 ዓመት። በዚያ ላይ ቁስሉ በጠባሳ እየተተካ ጉበቱ ይጠጥራል። በዚህ ሁሉ ግልበጣ መሃል አንድ ቀን ግድፈቱ «ተከፋፈል፣ አትቁም» የሚል ቦታ ላይ ያርፋል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሌላም ያደርጋል። የራሱን ጽሑፍ ቀዶ በእኛ መጽሐፍ ገጽ ውስጥ ይሰፋዋል። ሌላው የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ሲም በቁስልና በጠባሳ ነው ወደ ካንሰር የሚያደርሰው። እሱ ክትባት የለውም፤ በሁለትና ሦስት ወር ኪኒን ግን ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ይድናሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1911፣ ፔይተን ራውስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የዶሮ ዕጢ ፈጭተው በጣም ስስ በሆነ ማጣሪያ አሳለፉ። ሕዋስ የማያልፍበት፣ ባክቴሪያ የማያልፍበት ማጣሪያ። ያለፈውን ፈሳሽ ለሌላ ዶሮ ሲወጉት ዕጢ አወጣ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረላቸውም፤ የዶሮ ነገር ነው ተባለ። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ87 ዓመታቸው ነው።

በሰው ላይ የመጀመሪያው ምልክት የተገኘው ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ ኡጋንዳ። ዴኒስ በርኪት የተባሉ አይሪሽ ቀዶ ሐኪም በ1957 ካምፓላ ውስጥ መንጋጋው በሁለቱም በኩል ያበጠ ሕፃን አዩ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በ1961 ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር አሮጌ መኪና ይዘው ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካን 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ዞሩ። በየሆስፒታሉ «እንዲህ ያለ ልጅ ታያላችሁ?» እያሉ ጠየቁ። ቆላውና ዝናብ ያለበት ቦታ «አዎ»፣ ደጋው «የለም» አለ። ወባ ባለበት አገር ነበር በሽታው ያለው።

ለሰሜን ሸዋ ተማሪ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር አድርጎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ጋቢ ደርበህ ትነሳለህ፣ ለምሳ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ደብረ ብርሃን ወባ የለም፣ ሸዋ ሮቢት አለ። በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ በሽታው ይቀየራል። በርኪት ካርታቸው ላይ ያዩት ይህንኑ ነው፣ በአህጉር ስፋት።

አንቶኒ ኤፕስታይን የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ የበርኪትን ንግግር ሰሙ። ከካምፓላ የዕጢ ናሙና በአውሮፕላን ይላክላቸው ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልተገኘም። በ1963 መጨረሻ አንድ ናሙና በጉም ምክንያት ለንደን ማረፍ አቅቶት ማንቸስተር ወረደ። ሲደርሳቸው ፈሳሹ ደፍርሷል። የተበላሸ መስሏቸው ሊጥሉት ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን ያደፈረሰው ከዕጢው ተላቅቀው የሚንሳፈፉ ሕያዋን ሕዋሳት ነበሩ። አብረዋቸው የሚሠሩት አይቮን ባር እነዚያን አሳደጓቸው። በርት አቾንግ ከኤፕስታይን ጋር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩአቸው። ቫይረሱ ውስጣቸው ነበር። በ1964 ታወጀ፤ የመጀመሪያው የሰው ካንሰር ቫይረስ። ዛሬ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ይባላል።

እንዳትደነግጡ። ይህ ቫይረስ ከ10 ጎልማሶች ከ9 በሚበልጡት ውስጥ አለ። በምራቅ ስለሚተላለፍ ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ነው የያዝነው። ከተሸካሚዎቹ እጅግ አብዛኞቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው ምንም አይሆኑም። በሽታው እንዲመጣ ሌላ ነገር መጨመር አለበት። በእነዚያ ሕፃናት ላይ የተጨመረው በተደጋጋሚ የሚጥል ወባ ነው። ቫይረስ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ተማሪዎቼ ይህንን ሳይይዙ እንዳይወጡ እታገላለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው «ቫይረሱ አለብህ» ሲባል «ካንሰር ይዞሃል» ማለት አይደለም።

አሁን ወደማከብራቸው ሰው ልምጣ። ሐራልድ ዙር ሃውዘን። በ1936 ጀርመን፣ ጌልዘንኪርኸን ተወለዱ። ልጅነታቸው በቦምብ መሃል አለፈ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ምን እንደሚሆን በእኛ ዞን ማንም አይጠይቅም፤ እናውቀዋለን። ይህን ሰው ለልጆች ደጋግሜ የማነሳው ለዚያም ጭምር ነው።

ሐኪም ሆኑ፣ አሜሪካ ሄደው በኤፕስታይን ባር ቫይረስ ላይ ሠሩ። አንድ ጥያቄ ያዛቸው። በብዙ የዕጢ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረሱ አይታይም። ሌሎች «የለማ» አሉ። እሳቸው ግን «ቫይረሱ ባይታይ ጽሑፉ ይኖራል» ብለው አሰቡ። የቫይረሱን አካል ትተው ዲኤንኤውን፣ ማለትም ጽሑፉን፣ ፈለጉ፤ በ1970 አገኙት። ቤት ገብቶ የተደበቀን ሰው በጫማው ዱካ እንደመፈለግ ነው።

ከዚያ ወደ ማህፀን በር ካንሰር ዞሩ። የዚህ ካንሰር ታሪክ አሮጌ ነው። በ1842 ሪጎኒ ስተርን የተባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም የቬሮናን ከተማ የሞት መዝገብ ሲያገላብጡ የማህፀን ካንሰር በመነኮሳት ላይ ብርቅ፣ ባገቡት ላይ ብዙ ሆኖ አገኙት። ከግብረ ሥጋ ጋር የሚተላለፍ ነገር እንዳለ ከዚያ ጀምሮ ይጠረጠር ነበር። በ1970ዎቹ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በአንድ የሄርፒስ ቫይረስ ላይ ነው። ዙር ሃውዘን ፈለጉ፣ አላገኙትም፤ በጉባኤ ላይ ተናገሩ። አልተወደደላቸውም። እሳቸው የኪንታሮት ቫይረስን ጠረጠሩ። እጅ ላይ ኪንታሮት የሚያወጣው ቫይረስ ብዙ ዘመዶች አሉት፤ በአንድ ላይ ኤችፒቪ ይባላሉ። እነዚያን አንድ በአንድ እየለዩ ከአሥር ዓመት በላይ ሠሩ። በ1983 ኤችፒቪ 16ን፣ በ1984 ኤችፒቪ 18ን ከተማሪዎቻቸው ጋር አገኙ። ከ10 የማህፀን በር ካንሰሮች ሰባቱን የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ያገኙትን ዲኤንኤ ለጠየቃቸው ተመራማሪ ሁሉ ሰጡ። እንደ መምህር ይህ ልቤን ይነካዋል። ኖቤል በ2008 አገኙ፤ በ2023 አረፉ።

ኤችፒቪ የሚሠራው ከጉበቱ ቫይረስ በተለየ መንገድ ነው። ይህንን ለአጎቴ አንድ ጊዜ አስረድቼዋለሁ፣ ገና ሳይታመም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ከጎኑ ተቀምጬ። «አጎቴ፣ ይህች መኪና ፍሬን ባይኖራትስ?» አልኩት። «ዝም በይ፣ እንደሱ አይባልም» አለኝ፣ አማተበ። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ መከፋፈልን የሚይዙ ፍሬኖች አሉ። አንደኛው የእግር ፍሬን ነው፤ መጽሐፉ ላይ ጉዳት ሲያይ «ቁም» ይላል፤ ጉዳቱ ካልታረመ ሕዋሱ ራሱን እንዲገድል ያዛል። ፒ53 ይባላል። ሌላው አርቢ የሚባለው የእጅ ፍሬን ነው፤ ሕዋሱ ያለ ፈቃድ እንዳይነሳ ይይዘዋል። ኤችፒቪ ሁለት መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ኢ6 የእግር ፍሬኑን ይነቅላል፣ ኢ7 የእጅ ፍሬኑን ይፈታል። መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ናት።

ቫይረሱ ይህን የሚያደርገው ሊገድለን ብሎ አይደለም። ለመራባት የሚከፋፈል ሕዋስ ያስፈልገዋል፤ የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ግን መከፋፈል አቁመዋል። ስለዚህ ያስነሳቸዋል። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የቫይረሱ ዲኤንኤ ተሰብሮ ከእኛው ጋር ሲጣበቅ፣ ኢ6ና ኢ7 ያለ ልጓም ሲሠሩ ነው። ያኔ ቫይረሱም አዲስ ቫይረስ መውለድ አይችልም። ለእሱም ሞት ነው። አደጋ ነው እንጂ ዓላማ አይደለም።

አደጋ በመሆኑም ብርቅ ነው፣ ጊዜም ይፈጃል። ኤችፒቪ ከያዛቸው 10 ሴቶች ዘጠኙ ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ በራሳቸው ያጸዱታል። በቀሩት ላይ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ ካለና ካልታከመ ግን የሰውነት ዘብ ስለሚደክም ከ5 እስከ 10 ዓመት ይበቃዋል። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶቻችንን የሚይዘው ይህ ነው። ግን 15 ዓመት አለን! በጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ የማህፀን በሩን በአቼቶ ትቀባለች፤ ምግብ ቤት የምናውቀው አቼቶ ዓይነት ነው። ደቂቃ ትጠብቃለች። ሊበላሽ የጀመረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብዙውን ጊዜ እዚያው፣ በዚያው ቀን ይታከማል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶች፣ ምንም ሳያማችሁ ሂዱ። ሲያማችሁ ከሄዳችሁ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

የኤችፒቪ ክትባት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ስላለበት። 13 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሊከትቡ እንደመጡ እህቴ ደወለችልኝ። «መካን ያደርጋል ይላሉ። ልተዋት ወይ?» ድምጿ ይንቀጠቀጣል። አልተቆጣኋትም። ልጇን የምትወድ እናት ናት የምትጠይቀው።

እንዲህ አልኳት። ጂያን ዡ እና ኢያን ፍሬዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ነገር አዩ። የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻውን ሲሠራ በራሱ ተሰብስቦ ኳስ ይሆናል። ውስጡ ባዶ ነው። ዲኤንኤ የለውም፣ ኢ6 የለውም፣ ኢ7 የለውም። አስኳሉ የወጣ የእንቁላል ቅርፊት በይው፤ ጫጩት አይፈለፈልበትም። የሰውነት ዘብ ግን መልኩን ያጠናል፣ እውነተኛው ሲመጣ በር ላይ ይይዘዋል። ከማህፀን ጋር፣ ከመውለድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይልቅስ መካን የሚያደርገው ካንሰሩ ነው፤ ማህፀን የሚያስወጣው እሱ ነው። ስዊድን ውስጥ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡ ሴቶች ካልተከተቡት ይልቅ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በእኛ አገር ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። አሁን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። ለምን በልጅነት? ቫይረሱ ሳይቀድመን ነው። ዘቡ አስቀድሞ ካልተማረ፣ ከገባ በኋላ ክትባቱ አያስወጣውም።

የእህቴ ልጅ ተከተበች። ክንዷን ለሁለት ቀን አመማት።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አለ። ታይዋን በ1984 ለአራስ ሕፃናት ጀመረች፤ በአሥር ዓመት ውስጥ የልጆች ጉበት ካንሰር በግማሽ ገደማ ወረደ። ካንሰርን በክትባት መከላከል እንደሚቻል የታየው ያኔ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይወስዱታል፤ አምስት በሽታ የሚከላከለው መርፌ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ግን በሕፃንነታችን አላገኘነውም። እንመርመር፤ ከሌለብን እንከተብ፣ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። ነፍሰ ጡር እህቶች ደግሞ በክትትላችሁ ጊዜ የሄፓታይተስ ምርመራ ጠይቁ። ቫይረሱ ካለባችሁ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ አለበት።

ከአርባው በኋላ አክስቴና ሦስቱ ልጆቿ ወደ ደብረ ብርሃን ወረዱ። አብሬአቸው ሄድኩ። ከጣት ጥቂት ደም፣ ሩብ ሰዓት መጠበቅ። አክስቴ ነጻ። ሁለቱ ትንንሾች፣ 16ና 12 ዓመታቸው፣ በሕፃንነታቸው የተከተቡ ናቸው፤ ነጻ። ትልቁ፣ 24 ዓመቱ፣ አሁን የአባቱን አይሱዙ የሚነዳው፣ ሁለት መስመር ወጣበት። ቫይረሱ አለበት። መላጨት ያስተማረው አባቱ ነው፤ በራሱ ምላጭ።

ልጁ ለረጅም ጊዜ መሬት አየ። ቁጭ አድርጌ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ጉበቱ ታየ፤ ደህና ነው፣ ጠባሳም የለም። ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልገውም፣ በየስድስት ወሩ ደምና አልትራሳውንድ ይታያል። አረቄ ይተዋል። የራሱ ምላጭ ይኖረዋል። አክስቴ የመጀመሪያ ክትባቷን እዚያው ተወጋች።

መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ገባን። አንድ ትሪ መጣ። አክስቴ ብርጭቆዎቹን አየች፣ እኔን አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። እንጀራውን ቆረሰች፣ በወጥ ጠቀለለችና ለልጇ አጎረሰችው። ደገመችው። ሦስተኛውንም አጎረሰችው።

የሚቀጥለው ቀጠሮው ጥር ላይ ነው፣ ለጥምቀት መሐል ሜዳ ከመውጣቱ በፊት።